ምልክቱ ተጽፏል፤ አንባቢውስ? የሂስቶን ምልክቶች፣ የቢሲጂ ክትባትና ከሐረር ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ

ከሐረር ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ኤረር በር ነው። በስተምሥራቅ ወደ ኤረር ሸለቆ የሚያወጣ ሲሆን፣ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ማዶ ካሉ ቀበሌዎች የሚመጡ እናቶች ለገበያ ያዘጋጁትን ይዘው፣ አንዳንዶቹም ሕፃን አዝለው ወደ ከተማ ይገባሉ። ከሚታዘሉት ሕፃናት መካከል በጤና ተቋም ተወልዶ ወዲያው የቢሲጂ ክትባት የወሰደ ይኖራል፤ በቤት ተወልዶ ክትባቱን ከሳምንታት በኋላ ያገኘም ይኖራል። በክትባት ካርዱ ላይ ግን ሁለቱም «ተከትቧል» ተብለው ይቆጠራሉ። በሁለቱ ሕፃናት የደም ሕዋሳት ውስጥ የተመዘገበውስ አንድ ነውን?

ባለፉት 15 ዓመታት ገደማ የተካሄዱ ጥናቶች፣ ቢሲጂ ከሳንባ ነቀርሳ መከላከያነቱ ባሻገር በተፈጥሯዊው የበሽታ ተከላካይ ሥርዓት ሕዋሳት ላይ አሻራ እንደሚተው አመልክተዋል። አሻራው የሚያርፈው በዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ላይ ሳይሆን፣ ዲ.ኤን.ኤ. በተጠመጠመባቸው ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ነው። ይሁን እንጂ በክትባቱ ዙሪያ የተደረጉት ምርምሮች ትኩረት በአብዛኛው ያረፈው ምልክቱን በመለካት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፦ የሂስቶን ምልክት በራሱ ትእዛዝ አይደለም፤ ትርጉም የሚሰጠው የሚያነበው ፕሮቲን ነው። ስለሆነም ቢሲጂ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የሚነሣ ጥናት ከምልክቱ አልፎ አንባቢውን መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅም ሐረርና አካባቢዋ የተመቹ ናቸው።

ጸሐፊ፣ ፋቂና አንባቢ

በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ቢዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ በጠባቡ ኑክሊየስ ውስጥ የሚከተተው በስምንት ሂስቶኖች ስብስብ ዙሪያ 147 ያህል የመሠረት ጥንዶች እየተጠመጠሙ ነው። ከስብስቡ ወደ ውጭ የተዘረጉት የሂስቶን ጭራዎች ልዩ ልዩ ኬሚካዊ ምልክቶችን ይቀበላሉ፤ ከእነዚህም በብዛት የተጠኑት አሴቲልና ሜቲል ናቸው። ቪንሰንት ኦልፍሬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1964 እነዚህ ምልክቶች ከአር.ኤን.ኤ. መመረት ጋር ሊያያዙ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረቡ። ብራያን ስትራልና ዴቪድ አሊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ምልክቶቹ በልዩ ልዩ ጥምረት የሚነበቡ ቋንቋ መሰል ሥርዓት ናቸው የሚለውን «የሂስቶን ኮድ» መላምት ይፋ አደረጉ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሥራ ክፍፍል አለ። አንደኛው ወገን ምልክቱን የሚጽፉ ኢንዛይሞች ናቸው። ሁለተኛው የተጻፈውን የሚፍቁ ናቸው። ሦስተኛው ወገን አንባቢዎቹ ናቸው፤ እነዚህ ምልክቱን የሚያውቅ ትንሽ ኪስ መሰል ክፍል ያላቸውና ምልክቱ ባለበት ቦታ ተጣብቀው ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚጠሩ ናቸው። ብሮሞዶሜይን የተባለው ክፍል አሴቲል የተጨመረበትን ላይሲን እንደሚያነብ እ.ኤ.አ. በ1999 በቅርጽ ጥናት ታወቀ። ክሮሞዶሜይን ያለው ኤችፒ1 የተባለ ፕሮቲን በሂስቶን ኤች3 9ኛ ላይሲን ላይ ያሉ ሦስት ሜቲሎችን አንብቦ ክሮማቲኑ ተጨምቆ እንዲዘጋ ያደርጋል። «ፒኤችዲ ጣት» የተባለው ሌላው አንባቢ ክፍል፣ ስሙ ከትምህርት ማዕረጉ ጋር ሳይዛመድ፣ በብዙ ፕሮቲኖች ላይ በሂስቶን ኤች3 4ኛ ላይሲን ያሉትን ሦስት ሜቲሎች ያነባል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር መነሻ የሆነው ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። በ4ኛው ላይሲን ላይ ያለው ባለሦስት ሜቲል ምልክት ብዙ ጊዜ «ዘረ-መሉ በሥራ ላይ ነው» ተብሎ ይተረጎማል። ነገር ግን ይኸው ምልክት ብዙ አንባቢዎች አሉት። ታፍ3 ሲያነበው ዘረ-መሉን የሚገለብጠው ማሽን ይጠራል፤ ኢንግ2 ሲያነበው ደግሞ አሴቲል የሚፍቅ የፕሮቲን ስብስብ ይመጣና ዘረ-መሉ ይዳከማል። ራግ2 ሲያነበው የሚሆነው ነገር ከሁለቱም የተለየ ነው፤ እርሱ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ራሱን ለመቁረጥ ይዘጋጃል። አንድ ምልክት፣ ሦስት አንባቢ፣ ሦስት ውጤት። እንግዲህ «ምልክቱ ጨምሯል» የሚል የጥናት ውጤት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚሞላው በዚያ ሕዋስ ውስጥ፣ በዚያ ሰዓት፣ የትኛው አንባቢ በምን ያህል መጠን እንደነበረ ነው።

ከበሽታ ተከላካይ ሥርዓት የተገኙ ሦስት ማስረጃዎች

የመጀመሪያው ማስረጃ ራግ2 ነው። ሊምፎሳይቶች እጅግ ብዙ ዓይነት ጀርሞችን ለይተው እንዲያውቁ የሚያስችላቸውን የዘረ-መል ቁርጥራጮች ቅንብር የሚያካሂዱት ራግ1ና ራግ2 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት፣ የራግ2 ፒኤችዲ ጣት በኤች3 4ኛ ላይሲን ላይ ያለውን ባለሦስት ሜቲል ምልክት እንደሚያነብ አሳየ። 453ኛው አሚኖ አሲድ ትሪፕቶፋን ሲለወጥ ፕሮቲኑ ማንበብ ያቅተዋል፤ ቅንብሩም ይሰናከላል። ይህ የለውጥ ቦታ ከባድ የበሽታ ተከላካይ እጥረት ባለባቸው ሕሙማን ላይ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ሕፃን ሕዋስ ውስጥ ምልክቱ በቦታው አለ፤ ጸሐፊውም ሥራውን ሠርቷል። የጎደለው አንባቢው ነው፤ በዚህም ምክንያት ሕፃኑ መከላከያ አጥቶ ይቀራል። ምልክት ብቻ የሚቆጥር ምርመራ ይህን ሕፃን ጤናማ ይለው ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ቢአርዲ4ን ይመለከታል። ይህ ፕሮቲን በሁለት ብሮሞዶሜይኖቹ አሴቲል ያለበትን ሂስቶን ያነብና፣ ቆሞ የሚጠብቀውን የአር.ኤን.ኤ. ፖሊሜሬዝ ወደ ሥራ የሚያስገባ ኢንዛይም ወደ ቦታው ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን የዚህን ፕሮቲን ቤተሰብ የማንበቢያ ኪስ የሚደፍን አይ-ቤት የተባለ ሠራሽ ውሁድ አቀረበ። ማክሮፌጆች በባክቴሪያ ቅርፊት ክፍል ሲነቃቁ ከሚያመርቷቸው የእብጠት መልእክተኞች መካከል ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ኢንተርሉኪን-6፣ በውሁዱ ቀነሱ፤ ውሁዱን ያገኙ አይጦችም ሊገድላቸው ከሚችል የደም መመረዝ ድንጋጤ ተረፉ። በዚያው ሙከራ ግን የቲኤንኤፍ ዘረ-መል በውሁዱ ያን ያህል አልተነካም። ሁለት ዘረ-መሎች ለአንድ ቀስቃሽ እኩል ምላሽ ቢሰጡም በአንባቢ ላይ ያላቸው ጥገኝነት ይለያያል ማለት ነው። ቲኤንኤፍን እንደ ወኪል ወስዶ ስለ ሌሎቹ መደምደም የሚያሳስተውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ለአገራችን ይበልጥ ይቀርባል። አንድ የላቦራቶሪ አይጥ ዘር ለሳንባ ነቀርሳ እጅግ ተጋላጭ የሚያደርግ የክሮሞሶም ክፍል እንዳለው ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጥፋተኛው የኤስፒ110 ዘረ-መል እንደሆነ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሠራ ጥናት ጎረቤቱን ዘረ-መል፣ ኤስፒ140ን፣ ለየ፦ ኤስፒ110 የጎደላቸው አይጦች አልተጎዱም፤ ኤስፒ140 የጎደላቸው ግን የአንደኛው ዓይነት ኢንተርፌሮን ከልክ አልፎባቸው በባክቴሪያው ተሸነፉ። ኤስፒ140 ፒኤችዲ ጣትና ብሮሞዶሜይን ጎን ለጎን የያዘ ፕሮቲን ነው። በሰዎች ላይ የዚህ ዘረ-መል ልዩነቶች ከክሮንስ በሽታና ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የአንባቢ ፕሮቲን ጉድለት የሳንባ ነቀርሳን አካሄድ ሊወስን ከቻለ፣ ጉዳዩ ለሩቅ አገር ላቦራቶሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

በቢሲጂ ላይ ያልተጠየቀው

እ.ኤ.አ. በ2012 በኔዘርላንድስ፣ ኒይሜኸን የሚገኙ ተመራማሪዎች፣ ቢሲጂ የተከተቡ ጤናማ ጎልማሶች ሞኖሳይቶች ከሦስት ወር በኋላም ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ለማይዛመዱ ጀርሞች የበረታ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳዩ። በእብጠት መልእክተኞች ዘረ-መሎች መነሻ ላይ ያለው የኤች3 4ኛ ላይሲን ባለሦስት ሜቲል ምልክትም ጨምሮ ተገኘ። ክስተቱ «የሠለጠነ በሽታ ተከላካይነት» ተብሏል። ሞኖሳይት በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት በመሆኑ፣ ትውስታው ለወራት እንዴት ይዘልቃል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቢሲጂ በአጥንት መቅኒ ውስጥ ያሉትን የደም ግንድ ሕዋሳት ጭምር እንደሚለውጥ በማሳየት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ።

ከዚህ ሲታለፍ ሥዕሉ መዘበራረቅ ይጀምራል። በጊኒ ቢሳው ዝቅተኛ ክብደት ይዘው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ሦስት ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድነት ሲተነተኑ፣ ቢሲጂን በጊዜው መስጠት በመጀመሪያው ወር የሚደርሰውን ሞት በ38 በመቶ እንደቀነሰ ታየ። በዚያው ዓመት ይፋ በሆነውና ከ4,000 በላይ ሕፃናትን ባካተተው የዴንማርክ ሙከራ ግን ቢሲጂ ሆስፒታል መተኛትን አልቀነሰም። በኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ፣ 560 ሕፃናትን ይዞ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሙከራ፣ ሲወለዱ የተከተቡት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከሳንባ ነቀርሳ ውጭ ባሉ ተላላፊ በሽታዎች የመያዛቸው መጠን በስድስተኛው ሳምንት ከተከተቡት ያነሰ እንደነበር አሳየ። ሁለተኛው ቡድን ከተከተበ በኋላ ልዩነቱ አልታየም።

የኢንቴቤው ጥናት ለዚህ ክርክር ዋነኛ ምሳሌ ነው። ተመራማሪዎቹ ጥቅሙን በመመዝገብ ብቻ ሳይወሰኑ፣ በቲኤንኤፍ፣ በኢንተርሉኪን-6ና በኢንተርሉኪን-1 ቤታ ዘረ-መሎች መነሻ ላይ ያሉትን የሂስቶን ሜቲሎች መለካትን ከዋና ግቦቻቸው መካከል አድርገዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ሕፃናት ላይ እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ከዋና መለኪያዎቹ መካከል የነበረው ምልክቱ እንጂ አንባቢው አልነበረም። ሦስቱ አገሮች አንድ ክትባት ሰጥተው የተለያየ ውጤት ሲያገኙ፣ በክትባቱና በውጤቱ መካከል ያለው የንባብ ደረጃ እንደ ተዘጋ ክፍል ቀርቷል።

ልዩነቱን የክትባቱ ዝርያ፣ የሕፃናቱ ክብደትና በየአገሩ ያለው የበሽታ ጫና ሊያስረዱት ይችላሉ። እነዚህ ምክንያቶች ራሳቸው ግን ወደ ሕዋሱ የሚገቡበት መንገድ ሊኖራቸው ይገባል። የሠለጠነ በሽታ ተከላካይነት ከሕዋሱ የኃይል አጠቃቀም ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። አሴቲል የሚገኘው ከምግብ ስብረት ከሚመነጨው አሴቲል-ኮኤ ነው፤ ፉማሬት የተባለው የዚሁ ሂደት ውጤትም የሜቲል ፋቂዎችን ሥራ ይገታል። በደንብ ከተመገበ የኒይሜኸን ጎልማሳ የተገኘን ግኝት፣ በምግብ እጥረት ከምትጎዳ እናት ለተወለደ የሐረርጌ ሕፃን እንዳለ ማውረስ ስለዚህ ያስቸግራል።

ለምን ሐረር?

በኢትዮጵያ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ ቢሲጂ ሲወለዱ የሚሰጥ ክትባት ነው። በተግባር ግን ቀኑ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በጤና ተቋም የተፈጸሙ ወሊዶች 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 48 በመቶ አድጓል። በቤት የተወለደ ሕፃን ክትባቱን የሚጠብቀው ከጤና ኬላው ነው። አንዱ የቢሲጂ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ20 ሕፃናት የሚበቃ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለሆነም ባለሙያዋ ለአንድ ሕፃን ብላ ብልቃጥ ከመክፈት ሕፃናቱ እስኪሰበሰቡ ቀን ቀጥራ ትጠብቃለች። ውሳኔዋ ክትባት ላለማባከን በሚል ቀና ሐሳብ የተወሰደ ነው። የኢንቴቤው ውጤት እዚህም የሚሠራ ከሆነ ግን፣ የሚባክነው ክትባቱ ሳይሆን የሕፃኑ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። የዚህ ምርምር ተግባራዊ ፋይዳ ይኸው ነው፦ ብልቃጥ ለአንድ ሕፃን ይከፈት ወይስ አይከፈት ለሚለው ውሳኔ ከገንዘብ ስሌት የዘለለ ማስረጃ ማቅረብ።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሠረት በአካባቢው ተጥሏል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅና የሕይወት ፋና ሆስፒታል በሐረር ይገኛሉ። ዩኒቨርሲቲው በቀርሳ ወረዳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በሐረር ከተማ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያዎችን ያካሂዳል። በእነዚህ ጣቢያዎች እርግዝና፣ ወሊድና ሞት ቤት ለቤት ይመዘገባሉ። የሕፃናትን ሞት መንሥኤ የሚያጠናው ቻምፕስ የተባለው ዓለም አቀፍ መረብም የኢትዮጵያ ሥራውን የሚያከናውነው በዚሁ አካባቢ ነው። ሕፃኑ መቼ እንደተወለደ፣ መቼ እንደተከተበና ምን እንደደረሰበት በእርግጠኝነት መናገር የሚቻልባቸው ስፍራዎች በአገሪቱ ጥቂት ናቸው። ከላቦራቶሪ መሣሪያ ይልቅ ለመተካት የሚከብደውም እንዲህ ያለው የዓመታት መዝገብ ነው።

አካባቢው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ባዳ አይደለም። ከሐረር በስተምሥራቅ በሚገኘው ቢሲዲሞ እ.ኤ.አ. በ1958 በጀርመን በጎ አድራጊዎች የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ማዕከል ለአሠርት ዓመታት ሕሙማንን አስተናግዷል። ሥጋ ደዌ አንድ ባክቴሪያ በተለያዩ ሰዎች ላይ ተቃራኒ ገጽ የሚያሳይበት በሽታ ነው። አንዱ ሕመምተኛ ባክቴሪያውን አጥብቆ ይይዘዋል፤ በሌላው ሰውነት ውስጥ ባክቴሪያው ያለ ከልካይ ይራባል። ነርቭን የሚያቃጥለው የሥጋ ደዌ ሪአክሽን ሲነሣ ለብዙ ሳምንታት የሚሰጠው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። ይህ መድኃኒት እብጠትን ከሚያበርድባቸው መንገዶች አንዱ፣ አሴቲል ፋቂ የሆነውን ኤችዳክ2ን ወደ እብጠት ዘረ-መሎች በመጥራት ነው። አሴቲሉ ሲፋቅ እንደ ቢአርዲ4 ያለው አንባቢ የሚይዘው ነገር ያጣል። ስለዚህ በሐረርጌ ጤና ተቋማት የሂስቶን ንባብ በየቀኑ በመድኃኒት ሲስተጓጎል ኖሯል፤ የቀረው በጥናት መመልከቱ ነው።

ተቃውሞዎቹና ምላሻቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአቅም ጉዳይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ሪኤጀንት ከወራት በኋላ በሚደርስበት አገር እንዲህ ያለው ምርምር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው በከፊል ልክ ነው። መላውን የሂስቶን ካርታ በቅደም ተከተል ንባብ ማውጣት ውድ ነው፤ ለማስተር ተማሪ የሁለት ዓመት ሥራም አይመጥንም። የአንባቢው ጥያቄ ግን በዚያ መጀመር የለበትም። ሕፃኑ ሲወለድ የእትብት ደም፣ ከዚያም ለመጀመሪያው የፔንታቫለንት ክትባት በስድስተኛው ሳምንት ሲመጣ በወላጅ ፈቃድ የሚወሰድ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም መነሻ ይሆናል። ሕዋሳቱ በባክቴሪያ ቅርፊት ክፍል ይነቃቃሉ፤ ግማሾቹ የአንባቢ ኪስ የሚደፍን ውሁድ ይጨመርባቸዋል፤ የሚያመርቷቸው መልእክተኞችም በኤላይዛ ይለካሉ። ከክትባት በኋላ የታየው ብርታት በውሁዱ ከጠፋ፣ ብርታቱ በዚያ አንባቢ ቤተሰብ ላይ የተመሠረተ መሆኑን የሚጠቁም የመጀመሪያ ማስረጃ ይገኛል። የአንባቢዎቹን መጠን በፒሲአርና በዌስተርን ብሎት መለካትም በብዙ የአገራችን ላቦራቶሪዎች ከታወቁ ዘዴዎች የራቀ አይደለም። ከዚህ በኋላ ለተመረጡ ጥቂት ናሙናዎች፣ በአነስተኛ የሕዋስ ቁጥር የሚሠሩትን እንደ ከት-ኤንድ-ራን ያሉ ዘዴዎች መጠቀም ይቻላል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አዲስ አበባ የሚገኘው የአርመር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት የካበተ የኢሙኖሎጂ ልምድ አለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሳይንሱ ውስጥ የሚነሣ ነው። የአንባቢ ኪስ ደፋኝ ውሁዶች የቢአርዲ ቤተሰብን በሙሉ ስለሚነኩ፣ ውጤቱን ለአንድ ፕሮቲን መስጠት አይቻልም ይባላል። እውነት ነው፤ ስለዚህም ውሁዱ ጠቋሚ እንጂ ፈራጅ ሊሆን አይገባም። አንድ አንባቢ ሲጎድል ሌላው ሊተካው መቻሉም መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ይህ ድክመት ምልክትን ብቻ በመለካትም የሚታለፍ አይደለም። ምልክቱ የዘረ-መል ሥራ ምክንያት ሳይሆን ውጤት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ጸሐፊ ኢንዛይሞቹ ከሚሠራው ፖሊሜሬዝ ጋር አብረው ሊጓዙ ይችላሉና። ኪሱን ደፍኖ የሚሆነውን ማየት ቢያንስ ጣልቃ ገብቶ መጠየቅ ነው፤ ምልክት መቁጠር ግን ተመልካች ሆኖ መቅረት ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው። ቀድመው የተከተቡትን ዘግይተው ከተከተቡት ጋር ለማነጻጸር ሲባል ሆን ብሎ ክትባት ማዘግየት አይገባም፤ የአገሪቱ መመሪያ ሲወለዱ ይሰጥ ስለሚል። እንዲሁ በሆነው ላይ ተመሥርቶ ማነጻጸርም ያሳስታል፦ ዘግይቶ የተከተበው ሕፃን ከቀደመው የሚለየው በክትባት ቀን ብቻ ሳይሆን በእናቱ ምግብ፣ በቤቱ ርቀትና በወቅቱም ጭምር ነው። መውጫው ማዘግየትን ሳይሆን ማፍጠንን በዕጣ መመደብ ነው። በተመረጡ ቀበሌዎች ባለሙያዋ ለአንድም ሕፃን ብልቃጥ እንድትከፍት ይፈቀድላት፤ በሌሎቹ የተለመደው አሠራር ይቀጥል። ማንም ካለው አይጎድልበትም፤ የሚጨመርለት ግን ይኖራል። የክትትል ጣቢያዎቹ ወሊድን ቤት ለቤት የሚመዘግቡ በመሆናቸው ይህን ማካሄድ ይቻላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጉዳይ አለ። ከአገር ውስጥ የተሰበሰበ ደም ወደ ውጭ ተልኮ፣ በሌሎች ጥያቄ ተመርምሮ፣ የአገሬው ተማሪ ስም በደራሲዎች ዝርዝር መሐል ተሰንጎ የሚቀርበት አሠራር ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። በትብብር መሥራት አስፈላጊ ነው፤ ያለ ትብብርም ይህ ምርምር አይታሰብም። ሆኖም የትብብሩን ሚዛን የሚወስነው ማሽኑ የት እንዳለ ሳይሆን ጥያቄው ከማን እንደመነጨ ነው። ብልቃጡ ለምን እንደማይከፈት የሚያውቀው፣ እናቲቱ ከኤረር ሸለቆ ከተማ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደምትጓዝ የተረዳው፣ ሪአክሽን ያለበትን የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ያየው ተመራማሪ ያለው እዚህ ነው። ጥያቄውን እርሱ ካልቀረጸው ሌላ ሰው በሌላ ቅርጽ ይጠይቀዋል፤ መልሱም ለጤና ኬላዋ ባለሙያ የሚሆን አይሆንም።

ከላይ የተዘረዘሩት ማስረጃዎች ወደ አንድ ነጥብ ይመራሉ። ራግ2 ሲጎድል ምልክት እያለ መከላከያ ይጠፋል፤ የቢአርዲ4 ኪስ ሲደፈን የእብጠት መልእክት ይከፈላል፤ ኤስፒ140 ሲጎድል የሳንባ ነቀርሳ ያይላል። ቢሲጂ በሂስቶን ላይ የሚጽፈውን መለካት የሥራው ጅማሬ ነው፤ ፍጻሜው ግን ጽሑፉ በማን እንደሚነበብ ማወቅ ነው። የበሽታ ተከላካይ ሥርዓትን በሚያጠኑ የሐረርና የመላው አገሪቱ ተመራቂዎች የሚቀርብ ቀጣይ የምርምር ንድፈ ሐሳብ፣ «ምልክቱ ስንት ነው?» ከሚለው ጎን «ማን ያነበዋል? ባያነበውስ?» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ወጪው ጥቂት ነው። በኤረር በር ከሚታዘሉት ሁለት ሕፃናት መካከል ልዩነት ካለ፣ ካርዱ ሊነግረን አይችልም። ሊነግረን የሚችለው በዚያ መስመር የሚጀመረው ጥናት ነው።